ቅርጹን ሳይሆን ደንቡን መቅዳት

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ንግግር አድርጊልን» ሲለኝ ስለ እናቶች ጤና መስሎኝ ነበር። «የለም፣ እሱን ሁልጊዜ እንሰማለን፤ ከሥራ ውጭ ስለምትሠሪው ንገሪን» አሉኝ። ከሥራ ውጭ የምሠራውን የሚያውቁት ባለቤቴና ልጄ ብቻ ነበሩ። ዛሬ እናንተም እወቁት፦ ማታ ማታ ከቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ ያገኘኋቸውን የጌጥ ንድፎች በኮምፒውተር እንደገና እሥላለሁ። ኮከቡን፣ መስኮቱን፣ የግድግዳውን ሐረግ። አዎ፣ መሳቅ ይፈቀዳል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናት የማኅጸንና ጽንስ ሐኪም ከተረኛ ሥራ ወጥታ የምትሠራው ይኼ ነው። ግን እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ፣ ነገሩ ወደ ማዋለጃ ክፍል ይወስደናል።

እንዴት ጀመርኩ? ልጄ ሞኑመንት ቫሊ የሚባል ጨዋታ ትወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አስቱ ጌምስ የተባለ የለንደን ድርጅት ያወጣው ነው። አይዳ የምትባል ዝምተኛ ልዕልት ጉልላትና ቅስት ባላቸው፣ በእውነተኛው ዓለም ሊቆሙ በማይችሉ ሕንጻዎች ላይ ትራመዳለች። ጥይት የለም፣ የሚያሯሩጥ ሰዓት የለም። ልጄ ከጨዋታው አንዱን ንድፍ ወደደችና «እማዬ፣ ይኼን ክፍሌ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሜትር አድርገሽ» አለችኝ። ስክሪንሾቱን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው አየት አደረገና «ዶክተር፣ ይኼ አይሆንም፤ ሲተልቅ ጡብ ጡብ ነው የሚሆነው። ቬክተሩን ያምጡልኝ» አለኝ።

ልክ ነበር። ንድፉ በስክሪንሾቱ ላይ 400 ፒክሰል ያህል ስፋት ነበረው። 400 ፒክሰል አንድ ሜትር ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዷ ነጥብ 2.5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። እኛ ሐኪሞች ይኼን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ኤክስሬይ ፊልም በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም ሲላክልን «እስቲ አተልቀው» እንላለን። ማተለቅ እኮ አዲስ መረጃ አይጨምርም፤ ያለውን ነጥብ ብቻ ያሰፋዋል። በምስሉ ያልተመዘገበ የአጥንት ስንጥቅ በጣት ስለተለጠጠ ብቅ አይልም።

ቬክተር ሥዕል ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያስቀምጠው ነጥቦችን ሳይሆን ትእዛዝን ነው፦ ከዚህ ተነሳ፣ እዚያ ድረስ ሂድ፣ በዚህ አቅጣጫ ተጠማዘዝ። በቴምብር መጠንም በሕንጻ ፊት ልክም ትእዛዙ ያው ነው። ጥምዝ መስመሩ የሚሠራበት ሒሳብ የመጣው ከፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ነው። ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮን፣ ፒየር ቤዝየ በሬኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የመኪና አካልን ጥምዝ በቁጥር የሚገልጹበትን መንገድ ፈለጉ። አንድ ጥምዝ አራት ነጥብ ይበቃዋል፦ ሁለቱ ጫፎች፣ ሁለቱ ደግሞ ጥምዙን ወደ ራሳቸው የሚስቡ እጀታዎች ናቸው። ክብ እንኳ በዚህ ዘዴ ፍጹም አይሠራም። ከአራት ጥምዝ ተገጣጥሞ የእጀታው ርዝመት የራዲየሱ 0.5523 እጅ ሲሆን፣ ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው በመቶ 0.027 ገደማ ብቻ ነው። ዓይን አያየውም። እኔ ግን ይኼን ካወቅሁ ወዲህ ክብ በረጋ መንፈስ አይቼ አላውቅም።

የምጠቀመው ሶፍትዌር ኢንክስኬፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ሳንቲም የማይከፈልበት ነው። ይኼን የምናገረው ለማስተዋወቅ አይደለም። ወደ በኋላ ላይ ስለማቀርበው ሐሳብ «በጀት የለንም» የሚል እንዳይኖር አስቀድሜ መዝጋቴ ነው።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ልምምድ የዘልዳ ጨዋታ ትራይፎርስ ነው፤ ልጆች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ወርቃማ ሦስት ማዕዘኖች። ጃፓንን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንደራሴነት ያስተዳድር የነበረው የሆጆ ቤት ዓርማም እንደዚሁ ሦስት ሦስት ማዕዘን ነው። ቅርጹን ዓይቶ የሚገለብጥ ሰው ሦስት ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱን ለየብቻ ይሥላል። ደንቡን የፈለገ ሰው ግን አንድ ብቻ ይሥልና ሁለት ጊዜ ያባዛዋል፤ አንዱን በስፋቱ ልክ ወደ ጎን፣ አንዱን በስፋቱ ግማሽ ወደ ጎንና በቁመቱ ልክ ወደ ላይ። መሐል ላይ የሚታየውን የተገለበጠ ባዶ ሦስት ማዕዘን ማንም አልሣለውም፤ ከሦስቱ አቀማመጥ ራሱ ተወለደ። ለልጄ ይኼን ሳሳያት «ታዲያ ባዶው የማነው?» አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ቀጥሎ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለ። የመካከለኛው ምሥራቅን የድሮ ከተሞች የሚያሳዩ ጨዋታዎች፣ ለምሳሌ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድን የምታሳየው የ2023ቷ አሳሲንስ ክሪድ ሚራጅ፣ የእስልምናው ዓለም ጌጥ በሚገኝበት ሥነ ሕንጻ የተሞሉ ናቸው። ከእነዚያ ጌጦች ቤተሰብ ውስጥ ቀላሉ ይኼ ኮከብ ነው። ከሩቅ ሲታይ ውስብስብ ይመስላል፤ አሥራ ስድስት ጠርዝ አለው። ደንቡ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ አንድ እኩል አራት ማዕዘን ሥሩ፣ አባዙት፣ ቅጂውን በ45 ዲግሪ አዙሩት፣ ሁለቱን አዋህዱ። አለቀ።

ኮከቦቹን ግድግዳ ላይ ለመደርደር ደግሞ ርቀታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአራት ማዕዘኑ ጎን 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት የአራት ማዕዘኑ ሰያፍ ነው፤ 141.42 ሚሊ ሜትር። ያን ጊዜ ጫፍ ከጫፍ ይነካካል፣ በመካከላቸውም የሾለ መስቀል ይፈጠራል። አንድ ሰው «ለ0.42 ምን ያካብዳል» ብሎ 141 ቢጽፍ አንዱ ኮከብ ላይ ምንም አይታይም። ከሃያ ድግግሞሽ በኋላ ግን ንድፉ 8.4 ሚሊ ሜትር ዘሎ ይገኛል፤ ድሪፕ ለሚቆጥርና የመድኃኒት መጠን በኪሎ ለሚያሰላ ሰው ይኼን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትንሽ ስህተት ተደጋግሞ ሲደመር ትንሽ አይባልም።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ኢንክስኬፕ ውስጥ አንድን ቅርጽ እየደጋገሙ ሜዳ መሙያ መሣሪያ አለ። ስትከፍቱት «በየትኛው ሲሜትሪ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ምርጫዎቹም 17 ናቸው። ለምን 17? ምክንያቱም በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ በሁለት አቅጣጫ የሚደጋገም ንድፍ በ17 ዓይነት ብቻ ነው የሚደራጀው። ማሸጋሸግ፣ ማዞር፣ በመስታወት መገልበጥ፣ እየገለበጡ ማሸጋሸግ፤ እነዚህ ሲቀላቀሉ ከ17 አያልፉም። ሩሲያዊው የማዕድን ክሪስታል ሊቅ ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አረጋገጠው፤ ጆርጅ ፖያ ደግሞ በ1924 በሥዕል አስደግፎ አወጣው።

ይኼ ከሞኑመንት ቫሊ ጋር ምን አገናኘው? ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ከኔዘርላንዱ ሠዓሊ ከኤሸር ነው መነሻ ያገኙት። ኤሸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ከባለቤቱ ጋር ስፔን፣ ግራናዳ ወደሚገኘው አልሃምብራ ቤተ መንግሥት ሄዶ የግድግዳውን ሸክላ ጌጥ ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ከዚያ በፊት በ1922 ሄዶ አይቶታል። በሁለተኛው ጉዞ ግን ከመገልበጥ አልፎ «ይኼ የተሠራበት ሕግ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ያዘው። የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ወንድሙ የክሪስታል ጽሑፎችን ጠቆመው፤ የፖያን 17 ሥዕሎች አገኘ። ዛሬ የምናውቃቸው እየተጠላለፉ የሚበሩት ወፎቹና ዓሦቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ መስመሩን ተመልከቱት፦ ስማቸውን የማናውቃቸው የግናራዳ አይደለም፣ የግራናዳ ሸክላ ሠሪዎች፣ ከእነሱ የገለበጠው ኤሸር፣ ከኤሸር የተማሩት የለንደን ጨዋታ ሠሪዎች፣ ከእነሱ ደግሞ የምትገለብጥ አንዲት ሐኪም። በየደረጃው ነገሩ ሕያው የሆነው ቅርጹ ስለተላለፈ አይደለም፤ ደንቡ ስለተላለፈ ነው።

ይኼ ጉባኤ የሐኪሞች ስለሆነ አንድ ሌላም ልጨምር። በሞኑመንት ቫሊ ውስጥ ሕንጻዎቹ የማይቻሉ የሚሆኑበት ዘዴ አለ፤ ወደ ላይ የወጣ መንገድ ዞሮ ከተነሳበት ይገናኛል። የዚህ ዓይነቱን «የማይቻል ሦስት ማዕዘን» እ.ኤ.አ. በ1958 በሥነ ልቦና መጽሔት ላይ አሳትመው ያስታወቁት አባትና ልጅ ናቸው፤ ላየነልና ሮጀር ፔንሮዝ። ልጁ በኋላ ላይ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። አባቱን ግን እኛ በሌላ እናውቀዋለን። ሐኪምና የዘር ሳይንስ ሊቅ ነበር፤ ከዳውን ሲንድረም ጋር የሚያያዘው የእናት ዕድሜ እንጂ የአባት እንዳልሆነ በ1930ዎቹ ካሳዩት ዋነኛው ነው። ከልጁ ጋር ተቀምጦ የማይቻሉ ደረጃዎችን የሚሥል ሐኪም ነበረ ማለት ነው። ይኼን ሳነብ ማታ ማታ የማደርገው ነገር ላይ የነበረኝ እፍረት ቀለል አለልኝ።

ሮጀር ፔንሮዝ ኖቤል ስላገኘ ግን ለልጄ ተስፋ አልጣልኩባትም፤ እሷ የምትፈልገው ግድግዳዋ እንዲያምር ብቻ ነው።

ደንብ መፈለግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አክስቴ መሶብ ትሰፋ ነበር። ጎረቤት ቤት ያየችውን ጥለት ስትፈልግ አትሥለውም፣ ፎቶም የለም። ትቆጥራለች። ስንት ዙር ላይ ቀለም እንደገባ፣ ስንት ወስፌ አልፎ እንደተመለሰ ትቆጥርና በቃሏ ይዛ ትመጣለች። ስንደዶና አክርማዋን ስትይዝ መሶቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጥለቱ ይገጥምላታል፤ ምክንያቱም የያዘችው መልኩን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ሸማኔም ከአሮጌ ጥበብ ላይ ክር ቆጥሮ ነው የሚያወጣው። ተፈጥሮም ቢሆን እንደዚያው ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ቅርፊቱን የሚሠራው አራት ፕሮቲኖችን ስድሳ ስድሳ ጊዜ በመደጋገም ነው። ጠባብ ጂኖም ይዞ ለእያንዳንዱ ጠርዝ የተለየ ፕሮቲን መጻፍ አይችልማ! አንድ ደንብ ጽፎ ይደጋግመዋል።

ስለ ባለቤትነትም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ መምህሮቻችን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። የጨዋታ ሥዕል ባለቤት አለው። እኔ ለመማርና ለቤቴ ግድግዳ እሥላለሁ እንጂ አልሸጥም፣ የኔ ነውም አልልም። ሁለት አራት ማዕዘን በ45 ዲግሪ ማዞር ግን የማንም አይደለም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መልኩ የሠሪው ነው፣ ደንቡ የሁላችን ነው። የሚገርመው የሞኑመንት ቫሊ ታሪክ ራሱ ይኼው ነው። ልዕልቲቱ የምትጓዘው የተወሰደውን ቅዱስ ጂኦሜትሪ ለመመለስ ነው።

እንግዲህ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንግባ።

ፓርቶግራፍን እዚህ ያለን ሁላችን፣ የዓይንና የቆዳ ሐኪም የሆናችሁትም ሳትቀሩ፣ ተማሪ ሳለን ሞልተነዋል። ምጥ ላይ ያለች እናት የማኅጸን በር በሰዓት ስንት እንደተከፈተ የሚመዘገብበት ወረቀት ነው። አስቡት እስቲ፤ ይኼ እኮ የጂኦሜትሪ ንድፍ ነው። ፊሊፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 በዛሬዋ ዚምባብዌ ላይ ሆነው ሁለት መስመር ጨመሩበት፤ የማስጠንቀቂያ መስመርና የእርምጃ መስመር። ብዙዎቻችን በተማርንበት የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ ላይ የማስጠንቀቂያው መስመር ከ4 ሴንቲ ሜትር ተነስቶ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር እየወጣ በስድስት ሰዓት 10 ይደርሳል። የእርምጃው መስመር ከእሱ በስተቀኝ አራት ሰዓት ርቆ እኩል ይሄዳል። የነጥቡ መስመር ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አዋላጇ ሐኪም ትጠራለች ወይም እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። በሁለት ሰያፍ መስመር ስንት ሕይወት እንደተረፈ ለእናንተ አልነግርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ የሄድኩበት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ በሥራ ላይ ያለውን ፓርቶግራፍ አየሁት። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ የዚያም ፎቶኮፒ ነበር። ወረቀቱ ጠሟል። የሰዓቱ ቁጥሮች ደብዝዘው 6 እና 8 አይለዩም። የእርምጃው መስመር ጨርሶ የለም፤ አንድ ጊዜ ቀለም አንሷል፣ ከዚያ ወዲያ የተባዛው ሁሉ ያለ መስመር ነው የተባዛው። ተረኛዋ አዋላጅ ግን በእያንዳንዱ አዲስ ወረቀት ላይ፣ የመድኃኒት ካርቶን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ይዛ፣ የጠፋውን መስመር በእስክሪብቶ ታሰምራለች። «ሲስተር፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት። «ዶክተር፣ ወረቀቱ ቢረሳው እኔ አልረሳው። አራት ሰዓት ወደ ቀኝ ነው» አለችኝ።

እሷ ደንቡን ይዛለች። መስመሩ የተረፈው እሷ ስለምታውቀው ነው። በማግስቱ ሌሊት ግን ሌላ ሰው ተረኛ ነው። ገና የተመረቀ፣ ወረቀቱን እንደተሰጠው የሚቀበል። እሱ የሚሞላው የእርምጃ መስመር የሌለበትን ፓርቶግራፍ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ወረቀቱ የትኛው ትውልድ ፎቶኮፒ እንደሆነ አትጠይቅም።

ቤቴ ስመለስ ኢንክስኬፕን ከፈትኩ። ኮከብ የሠራሁበት መሣሪያ ያው ነው። አንድ ካሬ ሠራሁ፤ በቁመት አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በአግድም አንድ ሰዓት። አባዛሁት። ከ4 እስከ 10 አንድ መስመር ሳብኩ። እሱኑ አባዝቼ አራት ካሬ ወደ ቀኝ አሸጋሸግኩት፤ ሁለተኛ መሣል አያስፈልግም። የማስጠንቀቂያውን ሙሉ፣ የእርምጃውን ወፍራም ቁርጥራጭ መስመር አደረግኩት፤ ቀለም ሲያንስ እንኳ እንዲለዩ። ጽሑፉን በአማርኛ አስገባሁ። በቬክተር ፋይል ውስጥ ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ የሥራ ባልደረባዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ የኦሮምኛውን ቅጂ አወጣችው። ጠቅላላው ሁለት ምሽት ፈጀ። የተቋሙን ኃላፊ አስፈቅደን ንጹሑን ቅጂ አተምን፤ ፋይሉንም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተውነው፤ መቼም ከፋይሉ እንጂ ከወረቀቱ እንዳይባዛ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ «ጎበዝ» ተብሎ ይታለፋል። ግን አላበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ የምጥ ክትትል ቅጽ አወጣ። ንቁ ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር የሚለው ቀጥ ያለ መስመር ቀረ፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የየራሱ የጊዜ ገደብ ተቀመጠ፤ 5 ላይ ስድስት ሰዓት፣ 6 ላይ አምስት፣ እንዲህ እያለ 9 ላይ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። ምክንያቱም ብዙ ጤነኛ እናቶች ከቀጥታው መስመር ቀርፈፍ ብለውም በሰላም እንደሚወልዱ ታወቀ። እውቀቱ ተለወጠ ማለት ነው። ፎቶኮፒ ግን አይማርም። ፎቶኮፒ የሚያውቀው መደብዘዝ ብቻ ነው። ፋይል ያለው ሰው መስመሩን አንስቶ አዲሱን ገደብ ያስገባል፤ ፎቶኮፒ ያለው ሰው ያለው አማራጭ የሞተውን ደንብ ማባዛት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ማኅበርና ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በክፍላችን ግድግዳ፣ በየዋርዱ፣ በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አስቡ። የደም ዝውውሩ፣ የተቃጠለ አካል ስፋት የሚሰላበት ሰው፣ የአስም መንፊያ አያያዝ፣ የአራስ ልጅ ጡት አያያዝ። ስንቶቹ ከየት እንደተገለበጡ አይታወቅም፤ ስንቶቹስ ይነበባሉ? እያንዳንዱ የምሩቃን ዓመት አንድ ሥዕል ይውሰድ። አንድ ብቻ። ከመጽሐፍ ላይ አይገልብጠው፤ ያም ባለቤት አለው። ሥዕሉ የሚያስተላልፈውን ደንብ ለይቶ እንደገና ይሥለው። የክፍሉ መምህር ይዩትና ያርሙት። ፋይሉ በትምህርት ቤታችን የጋራ መዝገብ ይቀመጥ፤ ማንም ጤና ጣቢያ በነጻ ወስዶ በራሱ ቋንቋ እንዲያትመው፣ ደንቡ በተለወጠም ቀን እንዲለውጠው። በሥዕሉ ጥግ ላይ የታረመበት ዓመት በትንሹ ይጻፍ፤ አንባቢው የስንት ዓመት እውቀት እንደያዘ ይወቅ።

«ከኢንተርኔት ማውረድ አይቀልም?» የሚል ይኖራል። ይቀላል። ያወረድነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፒክሰል ነው፤ ቋንቋውም የእኛ አይደለም፣ ስንለውጠውም አይለወጥም። «ጊዜ የለንም» የሚለውንም እሰማለሁ፤ እኔም ተረኛ ነኝ፣ ነገ ማታም ተረኛ ነኝ። ግን የእኛ ክፍል ምሩቃን ብቻ ሁለት ሁለት ምሽት ብንሰጥ አንድ የማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ይሸፈናል። አልችልም ለሚለኝ ደግሞ ኮሌጁ ከፈቀደልኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አስተምራለሁ። የምንጀምረው ከትራይፎርሱ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከእናንተ ፈጥነው ይይዙታል፣ እናንተም ትናደዱና ትበረታላችሁ።

መምህሮቻችን፣ እናንተ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ልብን ስትሥሉልን መጽሐፍ አትገልጡም ነበር። ደሙ የሚሄድበትን መንገድ እያወራችሁ ነበር የምትሥሉት፤ መስመሩ ከእውቀቱ ነበር የሚወጣው። ደወል ሲደወል ሰሌዳው ይጠፋል፣ ነገ ክፍል ትገቡና ከደንቡ እንደገና ታወጡታላችሁ። እኛ የተቀበልነው ያን ነው። የጠየቅሁት አዲስ ነገር አይደለም፤ ያን ልማድ ጤና ጣቢያዎቹ ድረስ እናድርሰው ነው።

የመጀመሪያውን ፋይል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ አስረክቤያለሁ። ሁለተኛውን ከእናንተ እጠብቃለሁ።